አሮጌው ቤተክርስቲያናችን ብሩህ እንዲሆን ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ «ቤተክርስቲያናችን ፒያሳ አካባቢ ያለች የካቶሊክ ቁምስና ናት፤ ሕንፃው 60 ዓመት አልፎታል። ውስጡ ጨለማ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ቡናማ የዘይት ቀለም ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ክሬም ቀለም በጧፍና በዕጣን ጢስ ጠቁሯል። ኮርኒሱ ችፑድ፣ መብራቱ ረጃጅም ፍሎረሰንት ነው። ከመሠዊያው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ በሙሉ በጠቆረ ጣውላ ተለብጧል። እኔ የእድሳት ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። አንድ ኮንትራክተር ኮርኒሱን ጅፕሰም፣ ወለሉን ነጭ ሴራሚክ፣ የመሠዊያውን ግድግዳ ደግሞ ማርብል መሳይ ፒቪሲና ወርቅማ ቀለም ላድርግላችሁ፣ ዙሪያውን ድብቅ መብራት ላዙርበት ብሎናል። ወጣቶቹ ወደውታል። አባቶችና እናቶች ግን ‹ሆቴል ልታስመስሉት ነው› ብለው ተቆጡ። ብሩህም፣ ይበልጥ የጸሎት ቤት የሚመስልም እንዲሆን ከየት እንጀምር? ቅዳሴያችን በግዕዝ ሥርዓት ነው። ገንዘባችን ብዙ አይደለም።»

ምላሽ፦

በሆቴሉ ነገር እናቶች ልክ ናቸው። ኮንትራክተሩ ላይ ግን አልፈርድም፤ «ይብራልን» አላችሁት፣ እሱም በሚያውቀው መንገድ ሊያበራላችሁ ተነሣ። ብርሃን የበዛበት ቤት ሁሉ የጸሎት ቤት ቢሆን ኖሮ መርካቶ ያሉት የአምፖል ሱቆች ውስጥ ገብተን እንሰግድ ነበር። እንግዲህ የጠየቁኝን ሁለት ነገር፣ ብሩህ መሆኑንና የጸሎት ቤት መምሰሉን፣ ለየብቻ እንያቸው። መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ።

የሰው ዓይን አንድ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሳያስበው ወደ በራው ቦታ ይሄዳል። እሑድ ጠዋት በራችሁ ላይ ቆመው ይህን ይሞክሩት፦ ዓይንዎ መጀመሪያ የት ዐረፈ? ከገለጻዎ እንደምረዳው ፍሎረሰንቱ ቱቦ ላይ ነው፤ ቀጥሎ የጎን መስኮት ላይ። መቅደሱ ግን በጠቆረ ጣውላ ተለብጧል። ንጹሕ ነጭ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ የጠቆረ ቡናማ ጣውላ የሚመልሰው 10 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ከቤቱ ሁሉ የጨለመው ግድግዳ ቅዱስ ቁርባን የሚሠዋበት ግድግዳ ሆኗል ማለት ነው። ሰው «ጨለማ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ይህን ማለቱ ነው፤ ማየት ወደሚፈልግበት ሲመለከት የሚያየው የለም። በነጭ ሴራሚክና በዙሪያ መብራት ቤቱን ሁሉ ብታበሩት ጉድለቱ ያው ነው፤ ሁሉም እኩል በርቶ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

የእኛ አገር ቤተክርስቲያን ደግሞ በብርሃን ብዛት ታውቆ አያውቅም። ላሊበላ ቤተ ማርያም የገባ ሰው ያስታውሳል፤ መስኮቶቹ ጠባብ ናቸው፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል፣ ከዚያ ሥዕሉ ቀስ እያለ ከድንጋዩ ውስጥ ይወጣል። ይምርሐነ ክርስቶስ ጭራሽ ዋሻ ውስጥ ነው የተሠራው፤ ነጭ ልስንና ጥቁር እንጨት በየረድፉ ስለተፈራረቁ ግን ከዋሻው ጨለማ ውስጥ ሕንፃው ለብቻው ጎልቶ ይታያል። ያንን ቤት የሠሩ ሰዎች ነጩን የት እንደሚያኖሩት፣ ጥቁሩን የት እንደሚተዉት ያውቁ ነበር። ከእናንተም የምጠብቀው ይህንን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ለሦስት ወር ምንም አትግዙ የሚል ነው። አውጡ፣ እጠቡ፣ ተመልከቱ።

ማውጣት ስል ከመቅደሱ ልጀምር። የፕላስቲክ አበባ፣ በእመቤታችን ሐውልት ዙሪያ ብልጭ ድርግም የሚል የገና መብራት፣ ያለፈው ዓመት ኢዮቤልዩ ባነር፣ የተሰበረ የድምፅ ማጉያ፣ ሦስት ዓይነት መጋረጃ፤ እነዚህን የማላገኝበት ቁምስና ጥቂት ነው። ሁሉም በፍቅር የመጣ ዕቃ ነው፤ ሲደመር ግን ዓይንን ይበትናል። ለአንድ ሳምንት ሁሉንም ወደ ዕቃ ቤት አስገቡና መሠዊያው፣ መስቀሉና መብራቱ ብቻ ይቅሩ። ምእመናን ሳይነገራቸው «ቀለም ቀባችሁ እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ወደ ውጭ ውጡ። አንድ ጊዜ ለእድሳት ተጠርቼ የሄድኩባት ቤተክርስቲያን ውስጧ በቀትርም መብራት ትፈልግ ነበር። ኮሚቴው ጣሪያው ላይ ብርሃን አስተላላፊ ፋይበር ቆርቆሮ እንዲገባ ወስኖ ጠበቀኝ። ዙሪያዋን ስዞር በደቡብ በኩል ከግድግዳው ጋር የተጠጋ የቆርቆሮ መጋዘን አየሁ፤ የድሮ አግዳሚ ወንበርና የሠርግ ድስት የሚቀመጥበት። ከመጋዘኑ ጀርባ ሦስት መስኮት ነበር፤ ከውስጥ በኩል በሥዕል ተሸፍነው ስለኖሩ መኖራቸውን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። መጋዘኑ በሁለት ቀን ተነሣ። ፋይበሩ ቀረ፤ እንኳንም ቀረ፤ በጥቂት ዓመት ይቢጫል፣ በረዶ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ የሚያፈሰውም ቅዳሴ ላይ ነው።

እናንተም መስኮቶቻችሁን ቁጠሩ። የታሸገ አለ? የዛፍ ቅርንጫፍ የሸፈነው አለ? በድሮ ኤል ቲ ዜድ ብረት የተሠራ መስኮት ከሆነ ብረቱ ሊድን ይችላል፤ ዝገቱን አስፈግፍጎ ጸረ ዝገት መቀባትና መስታወቱን መቀየር ብቻ ሊበቃው ይችላል። ወደ አሉሚኒየም አትሩጡ፤ ወፍራሙ የአሉሚኒየም ክፈፍ የመስታወቱን ስፋት ይበላል፣ የሕንፃውንም መልክ ይቀይራል። የተቦጫጨቀ ቢጫ ወይም ቡናማ መስታወት ካለባችሁ ግን ያለ ርኅራኄ አውጡት፤ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ አቧራ የለበሰ የሚያስመስለው እሱ ነው።

ፀሐይዋን ማወቅ ይጠቅማችኋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ ሰሞን አናታችን ላይ ትቆምና እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ የቀረውን ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። በታኅሣሥ ቀትር ላይ በደቡብ ሰማይ ከፍታዋ 58 ዲግሪ ያህል ነው፤ ስለዚህ የደቡብ መስኮት በበጋው ወራት ቀጥተኛ ጨረር ወደ ውስጥ ያስገባል። የሰሜን መስኮት በአንጻሩ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው ባመዛኙ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ክረምት ነው፤ የሚሰጠው ብርሃን ለስላሳና የማይለዋወጥ ነው። ከተቻላችሁ የሰሜኖቹን ንጹሕ መስታወት አድርጓቸው፤ ለደቡቦቹ ብርሃን የሚበትን ወተት መሳይ መስታወት፣ ወይም ቀለም ያለው መስታወት ከፈለጋችሁ እዚያ ይሁን።

ስለ ባለቀለም መስታወት አንድ ነገር ልበል። የደጋ ፀሐይ በባለቀለም መስታወት ምን እንደምትሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን መስኮቶች ይመልከት፤ ብዙ ሳንርቅ ነው ያሉት። ነገር ግን ጥልቅ ቀለም ያለው መስታወት አብዛኛውን ብርሃን ይውጠዋል። መስኮቱን ሁሉ ባለቀለም ካደረጋችሁት ወደ ጨለማው ተመለሳችሁ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት በቂ ነው። በፕላስቲክ የታተመ ተለጣፊ ሥዕል ግን እባካችሁ ይቅር፤ ፀሐይ ቶሎ ታነጣዋለች፣ ጠርዙ ይቆለመማል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም ሰማያዊ ጥላ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው መስኮት ከመሠዊያው በላይ በምሥራቅ ያለው ነው፤ ካላችሁ። ቅዳሴያችሁ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ ፀሐይዋ በዚያ መስኮት በኩል ዝቅ ብላ በቀጥታ ወደ ምእመናን ዓይን ትገባለች። ያን ጊዜ ካህኑ ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ዓይን ከኃይለኛው ብርሃን ጋር ስለሚታገል ሌላው ሁሉ የባሰ ይጨልማል። ይህን መስኮት ድፈኑት አልልም፤ የምሥራቅ ብርሃን በሥርዓታችን ትርጉም አለው። ብርሃን በታኝ መስታወት ይግባበት፤ በዙሪያው ያለው ግድግዳ ደግሞ ነጣ ይበል፤ ያን ጊዜ መስኮቱና ግድግዳው ብዙ ስለማይራራቁ ዓይን ያርፋል።

ወደ ግድግዳው ልምጣ። ከታች ቡናማ የዘይት ቀለም፣ ከላይ ክሬም የሚባለው አቀባብ የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክና የቀበሌ አዳራሽ አቀባብ ነው። እጅና እግር ለሚነካው ቦታ የተፈለሰፈ ስለሆነ አይወቀስም፤ ቤተክርስቲያናችሁ የስብሰባ አዳራሽ የምትመስለው ግን ከምንም በላይ በእሱ ነው። ሌላም ጉዳት አለው። ግድግዳው የድንጋይ ከሆነ ከመሬት የሚወጣው ርጥበት በዘይት ቀለሙ ታፍኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከወገብ በላይ የሚላላጠው ልስን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ቀለሙ ይፋቅ፤ የላላው ልስን ይውረድ፤ ግድግዳው አንድ በጋ ሙሉ ይድረቅ። ውጭ ያለውን የጣሪያ አሸንዳና የዝናብ ውኃ መውረጃ ሳታስተካክሉ ውስጡን አትቀቡ። ይህን ሳያደርጉ የቀቡ ሰዎች በሁለተኛው ክረምት ደውለውልኛል።

ከላይ ያለው ጥላሸት በቀጥታ ቀለም ቢቀባበት ቢጫ እድፍ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ ይታጠብ፤ ሲታጠብም ከታች ወደ ላይ፤ ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ቆሻሻ ውኃ ደረቁ ግድግዳ ላይ መስመር ይሠራል። ከደረቀ በኋላ እድፍ የሚያፍን ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም። ጧፍ የሚበራበትን ቦታ ደግሞ አየር ወደሚወጣበት፣ ወደ በሩ አካባቢ አዛውሩት፤ አለዚያ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ናችሁ። በኤሌክትሪክ ጧፍ ተኩት የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። እኔ አልደግፈውም።

ነጩ ምን ዓይነት ነጭ ይሁን? ወረቀት መሳዩን ነጭ አልመርጥም፤ በክረምት ደመና ሥር ግራጫ ይሆናል፣ በነጭ አምፖል ሥር ደግሞ ሆስፒታል። ጥቂት ቢጫ አፈር የነካው ነጭ ይሻላል፤ የኖራ ቀለም ከሆነ ግድግዳውም ይተነፍሳል። ከካታሎግ ግን አትምረጡ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ናሙና በሰሜን፣ በደቡብና በመሠዊያው ግድግዳ ላይ አስቀቡና በቅዳሴ ሰዓት፣ በቀትርና ማታ በመብራት እዩት። ሦስቱም ላይ ያላሳፈራችሁን ውሰዱ። የመሠዊያው ግድግዳ ከሌላው አንድ ደረጃ ነጣ ይበል፤ ወይም በተቃራኒው ሌላው ነጥቶ እሱ ሞቅ ያለ የምድር ቀለም ይዞ በመብራት ይጉላ። ሁለቱም ይሠራል፤ ምርጫው መሠዊያው ላይ ምን እንደምትሰቅሉ ይወስናል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ሥርዓታችሁ የግዕዝ ነው ብለዋል፤ ይህ ብዙ ነገር ይለውጣል፤ ኮንትራክተሩ ደግሞ አልጠየቃችሁም። በአገራችን ብዙ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሚሲዮናውያን ባመጡት የላቲን ቅርጽ ተሠሩ፤ ረጅም አዳራሽ፣ ጫፉ ላይ መሠዊያ። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ ደግሞ የላቲኑ ሥርዓት ያደረገውን የመቅደስ ለውጥ ብዙዎች እንዳለ ቀዱት፤ መሠዊያው ወደ ሕዝቡ ቀረበ፣ መጋረጃው ወረደ። የቫቲካን መሥሪያ ቤት የሆነው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የሥርዓተ አምልኮ መመሪያ ግን እንደ ግዕዙ ያለ የምሥራቅ ሥርዓት ያላቸው የላቲኑን እድሳት ከመቅዳት ይልቅ ወደ ራሳቸው ትውፊት እንዲመለሱ ነው የሚያሳስበው። መቅደሱ በመጋረጃ ወይም በመሰል ነገር እንደሚለይ ይናገራል፤ ወደ ምሥራቅ መጸለይንም ካህኑ ለሕዝቡ ጀርባ እንደ መስጠት ሳይሆን ሕዝቡን ወደ እግዚአብሔር መንግሥት በሚደረግ ጉዞ እንደ መምራት አድርጎ ያስረዳዋል።

ይህን የምጽፈው መሠዊያችሁን አዙሩ ለማለት አይደለም። ያ የቆሞሱና የሀገረ ስብከቱ ውሳኔ ነው፤ የተባረከ መሠዊያ አርክቴክት ስላለ ወይም ኮሚቴ ስለፈረመ ከቦታው አይነቃነቅም። ነገር ግን ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም መብራቱም፣ ደረጃውም፣ ድምፅ ማጉያውም የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። አንድ ቁምስና ቀለሙንና መብራቱን ጨርሶ ከሁለት ዓመት በኋላ መጋረጃ ልመልስ ሲል መጋረጃው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ አምፖሎቹ ተደርድረው አገኘ። እድሳቱ እኔ የነደፍኩት ነበር፤ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ መጋረጃውን መልሱ። ውድ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ግን እናንተ የፈለጋችሁትን ነገር የሚሰጥ እሱ ነው። መጋረጃ ተዘግቶ ሲከፈትና ከበስተጀርባው የበራ መቅደስ ሲታይ የትኛውም ድብቅ መብራት የማይሠራውን ይሠራል። ጨርቁ ከባድና አንድ ቀለም ይሁን፤ አበባ የበዛበት የሶፋ ጨርቅ አይሁን።

ጣውላው ይነሣ፤ ከበስተጀርባው ያለው ግድግዳ ይታይ። በፒቪሲ ማርብል ግን አትተኩት። ማርብል ከፈለጋችሁ ቤኒሻንጉል የሚወጣው የአገራችን እብነ በረድ አለ፤ ለግድግዳ ሙሉ ባይበቃችሁ ለመሠዊያው ደረጃ ይበቃችኋል። ከመሠዊያው በላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ቢሰቀል እመርጣለሁ፤ በአገራችን የአሣሣል ባሕል፣ በእጅ የተሣለ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ይህ ዘዴ ዛሬም ይጠቅማችኋል፤ ሠዓሊው በቤቱ ሠርቶ ይጨርሳል፣ እናንተም ቅዳሴ አታቋርጡም። ግድግዳው ርጥበት ካለው ግን ጨርቁ ስለሚላቀቅ በእንጨት ክፈፍ ተወጥሮ ከግድግዳው ሁለት ሦስት ጣት ርቆ ይሰቀል። ወርቅማ ቀለሙን በተመለከተ፣ በቆርቆሮ የሚሸጠው ከናስ ዱቄት የሚሠራ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፤ አንዳንዱ አረንጓዴ ይላል። የእውነት የወርቅ ቅጠል በጥቂቱ፣ ቅዱስ ቁርባን በሚቀመጥበት ማኖሪያ ዙሪያ ብቻ ቢውል ለትውልድ ይቆያል።

ከማኖሪያው ፊት ያለው የማይጠፋ መብራት ይታያችኋል? ባውዛ በቀጥታ ከተተኮሰበት አይታይም። ያቺ ትንሽ ቀይ ነበልባል ከበሩ ላይ ሆኖ የሚታይባት ቤተክርስቲያን ባዶ ሆና እንኳ ሰው ያለባት ይመስላል። ስለዚህ ማኖሪያው አካባቢ ለስለስ ያለ ጥላ ይተው።

መብራት ላይ ብዙ ገንዘብ አትጨርሱ፤ ብዙ ሐሳብ ግን ጨርሱ። ቤታችሁ ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 10 ሜትር ነው እንበል፤ 250 ካሬ። ምእመናን መዝሙር መጽሐፍ ለማንበብ 150 ሉክስ ይበቃቸዋል፤ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 150 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)። ይህ 37,500 ሉመን ነው፤ ግማሹ በኮርኒሱ፣ በግድግዳውና በአቧራ ይጠፋል ብለን ብንይዝ 75,000 ሉመን መግዛት አለባችሁ። ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት 100 ሉመን ይሰጣል፤ ስለዚህ 750 ዋት ይበቃችኋል። ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት 40 ብታበሩ 1,440 ዋት ትበላላችሁ። መቅደሱ በሦስት እጥፍ ይብራ፤ ከ400 እስከ 500 ሉክስ። ይህ ልዩነት ነው መጀመሪያ ያወራነው ነገር፤ ዓይን ሳይነገረው ወደ መሠዊያው የሚሄደው በዚህ ነው።

አምፖሉ ሲገዛ ሳጥኑ ላይ ያለውን ኬልቪን፣ የብርሃኑን ቀለም የሚነግረውን ቁጥር፣ አንብቡ። ሱቅ ውስጥ «ነጭ» የሚሉት 6,500 ነው፣ «ቢጫ» የሚሉት 3,000 እና ከዚያ በታች። 3,000 ይሁን፤ የትም ቦታ አትቀላቅሉ። ሲአርአይ የሚባለው፣ አምፖሉ ቀለማትን ምን ያህል በእውነተኛ መልካቸው እንደሚያሳይ የሚነግረው ቁጥር ደግሞ 90 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ በርካሽ አምፖል ሥር የሥዕሉ ቀይ ቡናማ ይመስላል፣ የሰው ፊትም የታመመ። አምፖሉ ራሱ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ይሰወር፤ የሚታየው የበራው ግድግዳ እንጂ ቱቦው አይሁን። ማብሪያዎቹ ቢያንስ በአራት ይከፈሉ፦ መቅደሱ ለብቻው፣ የሕዝቡ ቦታ፣ ጎንና ጎን ያለው ፍኖተ መስቀል፣ እና በሥራ ቀን ለሚጸልይ ሰው የምትበቃ አንዲት ትንሽ መስመር። የመቅደሱና የድምፅ ማጉያው መስመር በባትሪ ኢንቨርተር ይደገፍ፤ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር የሚያጓራበት ቅዳሴ ከጨለማው የከፋ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ግን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፤ 60 ዓመት የሆነው ሽቦ በችፑድ ኮርኒስ ላይ ሲያልፍ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለ ድብቁ የዙሪያ መብራት ልምዴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ቤት ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ሲመረቅ ሁሉም አጨበጨበ። በሁለተኛው ዓመት ገመዱ በየቦታው መጥፋት ጀመረ፤ የተተካው ሌላ ቀለም ሆነ፤ ከፍታው 7 ሜትር ስለሆነ የሚወጣበት መሰላልም አልነበረም። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ ዓመታት ቆየ። ማንኛውም አምፖል ከመሰቀሉ በፊት «ማን፣ በምን ወጥቶ ይቀይረዋል?» ተብሎ ይጠየቅ።

ወለሉ አጭር ነው፤ የድሮው ቴራዞ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ ከሆነ አትንኩት፣ በማሽን ይፈተግ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ በክረምት እርጥብ ጫማ ያንሸራትታል፤ ላዩ ላይ ሲነጠፍም የወለሉ ከፍታ ስለሚጨምር የመጀመሪያዋ የመቅደስ ደረጃ ታጥራለች፤ ልብሰ ተክህኖ የለበሰ ካህን የሚደናቀፈው እንዲህ ባለች ደረጃ ነው።

ኮርኒሱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ወጣት አርክቴክቶች አፍርሳችሁ የጣሪያውን እንጨት አሳዩ ይላሉ። ያምራል፤ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነን፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ስብከት አይሰማም። ለስላሳ ጅፕሰምም ብቻውን አይሆንም፤ ሴራሚክ፣ ጅፕሰምና ባዶ ግድግዳ ሲገጥሙ ድምፅ ይንገዋለላል፤ ከበሮው ይደምቃል፣ ቃሉ ግን ይደፈናል። መሀል ቤት ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ድምፁ ጭራ ካበጀ ችግር አለ። ቀለል ያለ የጥድ ወይም የዝግባ ርብራብ፣ ከላዩ ድምፅ የሚውጥ ሱፍ መሳይ ንጣፍ ያለው ኮርኒስ ዝናቡንም ጩኸቱንም ይቀንሳል፤ ሲወለወልም ሞቅ ያለ ብርሃን ይመልሳል። ከማፍረሳችሁ በፊት ግን የድሮው ኮርኒስ ወይም ጣሪያ ከሲሚንቶ የተሠራ ዝርግ ወይም ሞገድ ያለው ሰሌዳ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትሰንጥቁት፣ አትጋዙት፤ ባለሙያ ይየው። ከባድ የሚንጠለጠል መብራት ካሰባችሁም ከችፑዱ ሳይሆን ከዋናው የጣሪያ አውታር ይታሰር፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲያወዛውዘን ሁላችንም አምፖላችንን አይተናል።

ፈቃዱን አትርሱ። ፒያሳ አካባቢ እንደመሆናችሁ ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም፤ ጠይቃችሁ በጽሑፍ መልስ ያዙ። ጊዜውን ደግሞ ከመስቀል በኋላ ጀምሩት፤ ጣሪያ የሚነካው ሥራ በበጋው ያልቅ። ቅዱስ ቁርባኑ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ሌላ ተገቢ ስፍራ ይዛወር።

ገንዘባችሁ አንሶ መምረጥ ካለባችሁ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ውኃ የሚያስገባው ሁሉ፣ ከዚያ ሽቦው፣ ከዚያ እጥበትና ቀለም ከመቅደሱ ጀምሮ፣ ከዚያ አምፖል። ሥዕሉ ሦስት ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ኮርኒሱም ሊዘገይ ይችላል።

የአባቶችና የእናቶች ቁጣ ግን ሊዘገይ አይችልም። ከማንኛውም ነገር በፊት የወጣውን ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ጻፉት፤ ማን እንደሰጠው፣ በማን መታሰቢያ። ቤተሰቡ ካለ ሄዳችሁ ንገሩት። ጣውላውን እንኳ አትጣሉት፤ ሲላጥ ከሥሩ ዋንዛ ወይም ጥድ ከወጣ አትሮንስና የጧፍ መቆሚያ ይወጣዋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ በመዶሻ እየሰበሩ እንዳያወርዱት ጠዋት ቀድመው ይገኙ፤ ሚስማሩ አንድ በአንድ ይነቀል፣ ጣውላው በቁመቱ ተለይቶ ዕቃ ቤት ይደርደር፣ ከመሬቱም በድንጋይ ከፍ ይበል፤ ምስጥ አለ።